ለታኮ ጫማ የተላከ ሽማግሌ

ባለፈው ሳምንት ለልቅሶ ወደ ካራቆሬ ስወርድ የተሳፈርኩበት አውቶቡስ ሸዋሮቢት ላይ ለምሳ ቆመ። ጣርማ በር ላይ እስከ አንገቴ የቆለፍኩትን ሹራብ ቆላው ሲጀምር አውልቄ ጉልበቴ ላይ አጥፌዋለሁ። መንገዱን ለማያውቅ ሰው ላስረዳ፦ ዋሻው ጋ ጭጋግ ነው፤ ቁልቁለቱን ሲጨርሱ ማሽላ ይታያል፤ ከዚያ የአውቶቡሱ መስኮት ሁሉ ይከፈታል። የገባንበት ሆቴል አዲስ ነው። ፎቅ አለው፣ ወለሉ ሴራሚክ ነው፣ አስተናጋጆቹ ጥቁር ጉርድ በነጭ ሸሚዝ ለብሰው ጥቁር ታኮ ጫማ ተጫምተዋል። ያዘዝኩትን ሽሮ ያመጣችልኝ ልጅ ሳህኑን አስቀምጣ ወደ ማቀዝቀዣው ጥግ ሄደችና፣ ማንም የማያያት መስሏት፣ አንድ እግሯን ከጫማው አውጥታ በቀዝቃዛው ወለል ላይ ለጠፈችው። ዓይኗን ጨፈነች። ከወዲያ ጠረጴዛ በጭብጨባ ሲጠሯት እግሯን መልሳ አጠለቀችና ቋ ቋ እያለች ሄደች። ሂሳብ ስከፍል ጠየቅኋት።

«ታኮው ግዴታ ነው እንዴ፣ ልጄ?»

«ዩኒፎርም ነው፣ ጋሼ።»

«አያምሽም?»

«ይለመዳል» አለችና መልሴን ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ዞረች።

ይህንኑ ቃል በዚሁ ከተማ፣ በዚሁ መንገድ ዳር፣ ከሌላ ልጅ አፍ ሰምቼዋለሁ። ከሸዋሮቢት እስከ ካራቆሬ አጠገቤ የተቀመጡት ሰውዬ የሟቹን ደግነት ሲያወሩልኝ እኔ የማስበው ያችን ልጅ፣ ሙሉን፣ ነበር።

ሸዋሮቢት የተመደብኩት ከኮሌጅ እንደወጣሁ የፊዚክስ መምህር ሆኜ ነው። መንግሥት ከተለወጠ ከርሟል፣ ግን ሁሉም ነገር ገና «አዲሱ» እየተባለ ይጠራ ነበር። ዓመቱን ባልጠቅስ ይሻላል፤ እሳሳታለሁ። የማልሳሳተው ሻይ ሃምሳ ሳንቲም እንደነበረና በአንድ ብር የሚገዛውን ፓፓያ አንድ ሰው ብቻውን እንደማይጨርሰው ነው። ባጃጅ የሚባል ነገር ገና አልመጣም፤ ከአስፋልቱ እስከ ገበያው የሚያደርሰን የፈረስ ጋሪ ነበር። የሽንኩርት ወቅት ሲሆን ጆንያው በየመንገዱ ዳር ይቆለልና ከተማው በሙሉ ሽንኩርት ሽንኩርት ይሸታል፤ ደብዳቤ ጽፌ ለእናቴ ስልክ ወረቀቱ ሳይቀር ይሸታል ትለኝ ነበር። ከመናኸሪያው ማዶ ሦስት ካሴት ቤቶች ተደርድረው ድምፅ ማጉያቸውን ደጃፍ ላይ ያወጡ ነበር። ሦስቱም የሰሞኑን ዘፈን ነው የሚያጫውቱት፣ ግን አንዱ ሲጀምር ሌላው መሃሉ ላይ፣ ሦስተኛው መጨረሻው ላይ ስለሚሆን እኛ የከተማው ሰዎች ዘፈኑን ከመጨረሻው ወደ መጀመሪያው ነበር የምናውቀው። ዘመናዊ የሚባለው ወጣት በዚያ ወበቅ የጂንስ ጃኬት ደርቦ፣ ላቡን በመሐረብ እየጠረገ፣ ከኒሙ ዛፍ እስከ ድልድዩ ይመላለሳል። ጫማን በተመለከተ ነገሩ ግልጽ ነበር። ገበሬው በረባሶ፣ ተማሪው ኮንጎ፣ ባለሱቁ ነጠላ ጫማ ያደርጋል። ታኮ ያደረገች ሴት ካየን ወይ ሙሽራ ናት፣ ወይ ከአዲስ አበባ የመጣች እንግዳ ናት።

የተከራየሁት ከእትዬ ዘነቡ ግቢ አንዲት ክፍል ነበር። እትዬ ዘነቡ ባላቸው የሞቱባቸው፣ ገበያ ላይ ሽንኩርት የሚቸረችሩ፣ ተከራይን እንደ ልጅ የሚቆጡ ሴት ነበሩ። ሙሉነሽ አንድ ልጃቸው ናት። ቀን በእትዬ አስካለ ሆቴል ታስተናግዳለች፣ ማታ ከሌሎቹ አስተናጋጆች ጋር እኔ በማስተምርበት የማታ ክፍል ትማራለች፤ አሥረኛ ክፍልን አልፋ ነርስ መሆን ነበር የምትፈልገው። እትዬ አስካለ ደግሞ የሆቴሉ ባለቤት ብቻ አይደሉም፤ የሙሉ የክርስትና እናት ናቸው፤ ለእትዬ ዘነቡ አበልጅ መሆናቸው ነው። ይህን አሁኑኑ የምናገረው በኋላ ለሚመጣው ነገር ስለሚያስፈልግ ነው።

የሆቴሉን አሠራር ማወቅም ያስፈልጋል። ያን ጊዜ የደሴ አውቶቡሶች ምሳ የሚበሉት ሸዋሮቢት ነበር፤ መንገድ ዳር ያሉት ሆቴሎች ሁሉ የሚኖሩት በዚያች ግማሽ ሰዓት ነው። አውቶቡሱ ገና ሲታጠፍ የየሆቴሉ አስተናጋጆች ሮጠው በሩ ሥር ይደርሳሉ፤ ቀድማ የደረሰችው «ግቡ፣ በዚህ በኩል፣ ጥላ አለ» እያለች ተሳፋሪውን ወደ ራሷ ግቢ ትነዳለች። ከዚያ ትእዛዝ መቀበል፣ ትሪ መሸከም፣ ለማይወርዱት አዛውንት በመስኮት ማቀበል ነው፤ ሾፌሩ ጥሩምባ ሲነፋ ሂሳቡ ሁሉ መሰብሰብ አለበት። የእትዬ አስካለ ግቢ ጠጠር የፈሰሰበት ነበር። በክረምት ጭቃ እንዳይሆን ያፈሰሱት ወፍራም የወንዝ ጠጠር።

አንድ ጊዜ እትዬ አስካለ ለዘመድ ሠርግ አዲስ አበባ ሄደው ድግሱ ትልቅ ሆቴል ውስጥ ሆነ። ሲመለሱ አንድ ጆንያ ጫማ ይዘው መጡ። ሁሉም ጥቁር፣ ሁሉም ባለ ረጅም ታኮ፣ ቁጥሩ በግምት የተገዛ። ልጆቹን ሰብስበው «ከዛሬ ጀምሮ በነጠላ ጫማ የሚያስተናግድ የለም» አሉ። ሙሉ የደረሳት ጫማ በትንሹ ይሰፋት ስለነበር ጫፉ ላይ ጥጥ ጎሰጎሰችበት። የመጀመሪያዎቹን ቀናት አስታውሳለሁ። ማለዳ ግቢያችን ውስጥ የልብስ ገመዱን በአንድ እጇ ይዛ ትለማመዳለች፤ እናቷ ሽንኩርታቸውን እየለቀሙ ይስቃሉ።

«ከወረር ግመል ሲነዳ አይተሽ ነው እንዴ የተማርሽው?»

«ግመል እኮ አይወድቅም፣ እማዬ።»

«ባዶውን ሲሄድማ አይወድቅም። አንቺ ትሪ ትሸከሚያለሽ።»

እውነቱን ለመናገር በመጀመሪያ ወዳዋለች። ቁመቷ አጭር ነበር፤ ከፍ ማለቷ ራሱ ያስደስታት ነበር። ሾፌሮቹም ይቀልዱባታል፤ አንዱ «ሙሉዬ፣ እዚያ ላይ ምን ይታይሻል? ዝናብ አለ?» ቢላት፣ «ዝናብ የለም፤ መላጣህ ነው የሚያበራው» አለችው አሉ፤ ከተማው አንድ ሳምንት ሳቀ። ሌላም ነገር ተለውጦ ነበር። ድሮ «አንቺ፣ ነይ» የሚሉ ተሳፋሪዎች «እህት» ማለት ጀመሩ። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት። እግሯን ስጠይቃት «ይለመዳል፣ ቲቸር» አለችኝ።

አልተለመደም። ጠጠሩ ላይ ታኮው ይሰምጣል። ልጆቹ ጠጠሩን ሲረግጡ በጣቶቻቸው ጫፍ ብቻ እየሄዱ፣ ሲሚንቶው ላይ ሲደርሱ ተረከዛቸውን መጣል ለመዱ፤ ማታ ክፍል ሲገቡ ባታቸውን ጨብጠው ነበር የሚቀመጡት። ያን ሰሞን የምናስተምረው ስለ ግፊት ነበር። እኔ ምሳሌ የማገኝበትን አጋጣሚ አላሳልፍም፤ ሰሌዳው ላይ ሁለት ጫማ ሣልኩና አስረዳሁ፦ ክብደቱ ያው ነው፣ የሚያርፍበት ስፋት ግን ሲጠብ ግፊቱ ይበዛል፤ ስለዚህ ታኮው መሬቱን ይወጋል፣ የሰውነት ሸክምም ወደ ጣቶች ይንሸራተታል፣ ቁርጭምጭሚትም የሚደገፍበት ያጣል። ሙሉ እጇን አወጣች።

«ስለዚህ ቲቸር፣ ጥፋተኛው ጠጠሩ አይደለም ማለት ነው?»

ክፍሉ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ።

የወደቀችው በአንድ የጾም ፍቺ ሰሞን፣ ሁለት አውቶቡስ ተከታትሎ በገባበት ቀን ነው። ትሪው ላይ በሸክላ የሚንጨረጨር ጥብስ ነበር። ጥብሱ ማንንም አላቃጠለም፤ ቁርጭምጭሚቷ ግን ታጠፈ። ወጌሻው አገላብጦ አሽቶ፣ በጨርቅ ጠፍንጎ አስሮ፣ «ጅማቱ እስኪጠብቅ ከፍታ ያለው ጫማ አይነካትም፤ ከነካት እንዲሁ ሆኖ ይቀራል» አለ። ሙሉ ጥቂት ቀናት ተኛች፤ ከዚያ እግሯን እንዳሰረች የእናቷን ነጠላ ጫማ አድርጋ ሥራ ገባች። የሆነውን የሰማሁት ከራሷ ነው።

«ይሄ ምንድን ነው?» አሏት እትዬ አስካለ።

«እግሬ አልዳነም፣ እትዬ።»

«ሲድን ትመጫለሽ።»

«መቼ እንደሚድን አላውቅም።»

«እንግዲያው ሌላ እቀጥራለሁ። ላንቺ ብፈቅድ ነገ ሁሉም እያነከሰ ይመጣልኛል።»

እዚህ ላይ ሙሉ ዝም ብትል ኖሮ ነገሩ የጫማ ነገር ሆኖ ይቀር ነበር። እሷ ግን ወደ ታች ተመለከተችና «እርስዎም እኮ የሚውሉት በነጠላ ጫማ ነው» አለች። እውነት ነው፤ እትዬ አስካለ ገንዘብ መቀበያው ኋላ ሆነው ቀኑን ሙሉ በሰማያዊ ነጠላ ጫማ ነበር የሚውሉት። ልጆቹ ሁሉ ወደ እግራቸው ተመለከቱ። እትዬ አስካለም በሩን አሳዩዋት።

እኔ የመጀመሪያ ሐሳቤ የሠራተኛን አቤቱታ ወደሚያይ ቢሮ መሄድ ነበር። ሥራ ላይ የተጎዳች ሠራተኛ ናት፤ የጎዳት የታዘዘችው ጫማ ነው፤ ነገሩ ለእኔ ቀጥ ያለ መስመር ነበር። እትዬ ዘነቡ ሽንኩርታቸውን አስቀምጠው ቀና አሉ።

«ክስ ነው የምትለኝ?»

«አቤቱታ ነው፣ እትዬ። ክስ አይባልም።»

«አበልጄን አቤት ብዬባት የት ቤተ ክርስቲያን ነው የምቆመው? ልጄን ከውሃው ያነሳችልኝ እኮ እሷ ናት። ሽማግሌ እልካለሁ። አንተም አብረህ ትሄዳለህ፤ የተማርክ ነህ፣ ታስረዳለህ።»

ያኔ ጢሜ እንኳ በደንብ አልወጣም ነበር፤ ሽማግሌ መባሌ አኮራኝ። ዋናው ሼህ ሰይድ ነበሩ፤ የድሮ የይፋት ነጋዴ ቤተሰብ፣ የሁለቱም ሃይማኖት ሰው የሚሰማቸው፣ ከተጣሉ ባልና ሚስት እስከ ድንበር የተጋፉ ገበሬዎች ድረስ ያስታረቁ ሰው። ሁለተኛው ጋሽ ተሰማ፣ ጡረታ የወጡ የመንገድ ሠራተኛ ናቸው። ሌሊቱን ምክንያቶቼን በቅደም ተከተል አሰናዳሁ። አንደኛ የወጌሻው ቃል፣ ሁለተኛ ጠጠሩ፣ ሦስተኛ አስተናጋጅ የምትሠራው በእግሯ መሆኑ፤ የሠራተኛን መሥሪያ የሚያበላሽ ደንብ ባለቤቱንም ይጎዳል የሚል። ቢያንስ እስክትድን፣ ቢቻል ለሁሉም፣ ታኮው እንዲቀር ነበር የምንጠይቀው። እኔ እንደዚያ ነበር የገባኝ።

እሑድ ከሰዓት ሄድን። እትዬ አስካለ ከመቀመጫቸው ተነሥተው ተቀበሉን፣ ጓዳ ካለችው ሳሎን አስቀመጡን፣ ለስላሳ ከፍተው አቀረቡልን። ሼህ ሰይድ ጠርሙሱን በእጃቸው ጀርባ ገፋ አደረጉት።

«ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀምስም፣ አስካለ።»

«ይሰማል፣ ሼህ። እናንተን ከደጅ አልመልስም።»

«አልሐምዱሊላህ። እንግዲህ የመጣነው ልጅሽ አጥፍታ ነው።»

ጉሮሮዬን ጠረግሁ። «ሼህ ይቅርታ፣ ነገሩ ጥፋት ሳይሆን...» ጋሽ ተሰማ እጃቸውን ጉልበቴ ላይ ጣል አደረጉ። ከባድ እጅ ነበር። ሼህ ሰይድ እንዳልሰሙኝ ቀጠሉ።

«ልጅ ናት፤ አፏ ቀደማት። ያሳደግሻት አንቺ ነሽ። ማሪያት ልንልሽ ነው።»

እትዬ አስካለ ነጠላቸውን ወደ ትከሻቸው ሰበሰቡ። ከዚያ በኋላ የተናገሩትን ብዙውን በቃሌ ይዤዋለሁ።

«እኔ በእሷ ዕድሜ ጠጅ ቤት ነው ያገለገልኩት፤ በባዶ እግሬ። ስሜን የሚያውቅ አልነበረም፤ ‹አንቺ እግረ ጭቃ› ነበር የምባለው። የፈለገ ቀሚሴን ይጎትታል። አዲስ አበባ ሠርጉ ላይ ያየኋቸው ልጆች ግን ያው እንደኔ ሳህን ነው የሚያነሱት፤ ነገር ግን ሰው ሁሉ ‹እህቴ፣ እባክሽ› ይላቸዋል። ለምን? ቀጥ ብለው ስለሚሄዱ። ይሄንን ነው ለልጆቼ ይዤ የመጣሁት። እሷ ግን በሰው ፊት እግሬን አሳየችብኝ።» ድምፃቸው ተሰበረ። «ይሄ እግር እኮ አሁን ታኮ የማይችለው ያኔ ተሰነጣጥቆ ስላለቀ ነው።»

«እውነትሽን ነው» አሉ ሼህ ሰይድ። «እውነቷን ነው» አሉ ጋሽ ተሰማ። እኔም በልቤ እውነታቸውን ነው አልኩ። ያዘጋጀሁት ንግግር በሙሉ ስለ እግር ነበር፤ ሴትዮዋ የሚያወሩት ስለ ሌላ ነገር ነው፤ እርሱንም ከታኮው በስተቀር በምን እንደሚገዛ የነገራቸው ሰው የለም። እኔም አላውቅም ነበር። ዛሬም በደንብ አላውቅም።

«ለእናንተ ስል ይቅር ብያታለሁ» አሉ በመጨረሻ። «ነገ ትግባ። ደንቡ ግን ደንብ ነው።»

«እግሯ እስኪድንስ፣ እትዬ?» አልኩ ቶሎ ብዬ። ሼህ ሰይድ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደኔ ዞሩ። ሲናገሩ ቁጣ አልነበረባቸውም፤ እንዲያውም የሚያስተምሩኝ ይመስሉ ነበር።

«ልጄ፣ ይቅር ያለ ሰው ላይ ሌላ አይጨመርም። ሽምግልና ገበያ አይደለም።»

ውጭ ከእናቷ ጋር ስትጠብቅ የነበረችው ሙሉ ተጠራች። ጎንበስ ብላ የእትዬ አስካለን ጉልበት ሳመች፤ እርሳቸውም አንገቷን አቅፈው አለቀሱ፣ እሷም አለቀሰች፣ ጋሽ ተሰማ ዓይናቸውን ጠረጉ። ከዚያ እትዬ አስካለ ወደ ጓዳ ገብተው ያልተነካ ጥቁር ጫማ ይዘው ወጡ። የመታረቂያ ስጦታ መሆኑ ነው። «ያኛው ሰፍቶሽ ነው የጣለሽ፤ ይሄ ልክሽ ነው» አሉ። ሙሉ እግሯ የታሰረበትን ጨርቅ ፈታች። እዚያው በፊታችን፣ ያበጠውን እግሯን በሁለት እጇ ገፍታ ጫማው ውስጥ አስገባችው። ሼህ ሰይድ መዳፋቸውን ዘረጉ፤ «እግርሽን ያጽናው፣ ከክፉ ይሰውርሽ» አሉ። ሁላችንም አሜን አልን። ከዚያ በኋላ ለስላሳው ተጠጣ።

ወደ ቤት ስንመለስ እናትየው ከፊት ከፊት እየሄዱ ሽማግሌዎቹን ይመርቃሉ። ሙሉ ከኋላ ቀርታ ከእኔ ጋር በዝግታ ትሄድ ነበር።

«ምን ብለው አስረዱ፣ ቲቸር?»

«ተራው አልደረሰኝም።»

«እሺ» አለች።

ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ጉዳይ ለብዙ ሰው አስረድቻለሁ። መምህራን ማረፊያ ውስጥ፣ ሠርግ ቤት፣ አንድ ጊዜም ባንክ ውስጥ ወረፋ ስጠብቅ። ወንዶቹ «ያምራል እኮ» ይላሉ፤ ሴቶቹ ፈገግ ብለው ወደ እግራቸው ይመለከታሉ። እትዬ አስካለ ያን ጊዜ በጆንያ ያመጡትን ዛሬ በትናንሽ ከተሞች ያሉ ሆቴሎች ሳይቀሩ በቅጥር ደብዳቤ ያዝዙታል። ምክንያቶቼ አሁንም በቅደም ተከተላቸው አሉ። እንዲያውም አራተኛና አምስተኛ ጨምሬባቸዋለሁ። ያን እሑድ ሁሉንም ደርድሬ ብናገር ኖሮ ውጤቱ ይለወጥ ነበር ብዬ ግን አላምንም፤ የተሰበሰብነው ሰው ለማስታረቅ ነው፣ ሰውም ታርቋል።

ሙሉ ሠራች። ማለዳ ማለዳ ቁርጭምጭሚቷን በሞቀ የጨው ውሃ ትነክራለች፣ ታስራለች፣ ትጫማለች። ክረምቱ ሲወጣ ማንከሷ የማይደበቅ ሆነ፤ በነጠላ ጫማ ስትሄድ ብዙም አይታወቅም፣ በታኮ ግን እያንዳንዱ እርምጃዋ ይታያል። ከአውቶቡሱ በር ሥር የምትደርሰው የመጨረሻዋ እሷ ሆነች፤ ቀልደኞቹ ሾፌሮችም ዝም አሉ፣ እሱ ይብስ ነበር። በዓመቱ ግድም እትዬ አስካለ ጠሯት። «ሰው ሲያይሽ ያዝናል፣ ልጄ፤ የሚያዝን ሰው ደግሞ አይበላም» አሏትና ወደ ኋላ፣ ወደ ዕቃ ማጠቢያው አዛወሯት። በእሷ ቦታ ከቀወት የመጣች አዲስ ልጅ ገባች፤ ጥቁሩ ጫማ ለእሷ ልክ ሆነ። ዕቃ የሚታጠበው ሆቴሉ ከተዘጋ በኋላ ስለሆነ ሙሉ የማታ ትምህርቷን ተወች። እናቷ በዚያም ደስተኛ ነበሩ፤ «አበልጄ ሆደ ቡቡ ናት፤ ሌላ ብትሆን ታባርርልኝ ነበር» ይሉኝ ነበር። የማይካድ ነገር ነው፣ አላባረሯትም።

ወደ ደብረ ብርሃን ስዛወር ልሰናበታት በሆቴሉ ጓሮ በኩል ገባሁ። ማጠቢያው ቤት ወለሉ ውሃ ነው፣ አንድ ጠባብ መስኮት አለው፣ ከሳህኑ የሚወጣው እንፋሎት ግድግዳውን አጥቁሮታል። ሙሉ ቢጫ ኮንጎ ጫማ አድርጋ ገንዳው ላይ አጎንብሳለች። እጇ ሳሙና ስለነበረ ክንዷን አጠፍ አድርጋ ሰጠችኝ፤ ጨበጥኩት። ስለ ዝውውሬ አወራን፣ ስለ ደብረ ብርሃን ብርድ አወራን። የማወራው ሲያልቅብኝ ወደ ጫማዋ ተመለከትሁ።

«ይሄኛው ይሻላል አይደል?»

«ይሻላል፣ ቲቸር። እዚህ የሚያየኝ የለም፤ ምንም ባደርግ ግድ የላቸውም» አለችና ቀጣዩን ሳህን አነሳች።